በሰይፈኛው እግር ላይ የታሰረው ቆርቆሮ

ባለፈው ኅዳር ዘጠኝ ቀን ሞጣ ላይ በተከፈተ የቅርስ ዐውደ ርእይ፣ ከእንጨት በተቀረጸ ሰይፈኛ ቅልጥሞች ላይ ቆርቆሮ ታሰረ፤ ከሥሩም «የአባቶቻችን የእግር ጥሩር»፣ ማለትም የብረት መከላከያ፣ የሚል ጽሑፍ ከነስሜ ተለጠፈ። እኔ ለዐውደ ርእዩ የጻፍሁት ማብራሪያ የዚህ ተቃራኒ ነበር።

የጻፍሁትን ያስተማሩኝ ቢቸና የሚኖሩት አጎቴ ናቸው። የጎራዴን አያያዝ ከአባታቸው ተምረዋል። አንድ ቀን በግቢያቸው በትር አስጨብጠውኝ «እግሬን ምቺ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ስሰነዝር የፊት እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ የእሳቸው በትር ዐናቴ ላይ ዐርፎ ነበር።

«አየሽ፣ ያን ሁሉ ትምህርት የተሸከመ ራስ ለአንድ ቅልጥም ልትሰጪኝ ነበር።»

ወደ ቅልጥም የወረደ ክንድ ያጥራል፤ ከትከሻ አቅንቶ የተዘረጋ ክንድ ግን ከዚያው ቦታ ራስ ላይ ይደርሳል። ሰይፈኞቻችን እግራቸውን የጠበቁት በማሸሽ ነው፤ ብረት አላሰሩበትም። ይህን ጻፍሁ፤ የነገሩኝ እሳቸው መሆናቸውንም አሰፈርሁ።

ዐውደ ርእዩን እንዲያዩ በጉንደ ወይን በኩል በአውቶቡስ ወሰድኋቸው። ጋቢያቸውን አሳጥበው ለብሰው ነበር። ምስሉ ፊት ቆመው ቆርቆሮውን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የእግር ጥሩር ነው፣ አባባ» አለ የዝግጅቱ ኀላፊ።

«አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አስሮ አያውቅም።»

«ረስተውት ይሆናል። ዕድሜ ነው።»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ።

ቆርቆሮው ለምን እንደ ታሰረ ኀላፊውን ለብቻው ጠየቅሁት። «ዶክተር፣ እግሩ ባዶ ሲሆን ድሃ አስመሰለውኮ። እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ከጣሪያ የተረፈች ቆርቆሮ ነበረች።»

«ስሜንስ ለምን ጻፋችሁበት?»

«ያለ ስምዎ ማን ያምናል?»

ስንመለስ ጉንደ ወይን ላይ አጎቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ «ስምሽ አለበት ብለው አነበቡልኝ። አንቺም ረስቷል ብለሽ ነው?» አሉ። አይደለም አልኋቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጎራዴ ስጠይቃቸው «ከጽሑፍሽ ላይ እዪው» ይሉኛል።

ዐውደ ርእዩን ላዘጋጀው ጽሕፈት ቤት ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ሦስቴም «ሐሳብዎ ይታያል» ተባልሁ። ደክሞኛል። ይቅርታ አልጠይቅም፣ ካሳም አልፈልግም። ቆርቆሮው ከምስሉ እግር የሚወርደው፣ ለአጎቴም «የረሱት እርስዎ አይደሉም» የሚል ደብዳቤ በኀላፊው ፊርማ ቢቸና የሚደርሰው በየትኛው ቀን ነው? ቀኑ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።