የዓርብ ኩኪስ

ሞጣ ውስጥ ኩኪስ በቤቷ የምትጋግር ሴት ብትኖር ይርጋነሽ ናት። ሙያው ደግሞ እንዲሁ በዋዛ የተገኘ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ተቀምጣ፣ የሰው ቤት ልጆች እያበላች የተማረችው ነው። የራሷን ልጅ ወይንእሸትን በአራት ዓመቷ ቢቸና ላለችው እህቷ ለአየሁሽ ትታት ነበር የሄደችው። ምን ታድርግ! ባሏ ሞቷል፣ እጇ ባዶ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ተመለሰችና ሞጣ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። በአንደኛው ክፍል ለልጅቷ አልጋ አነጠፈች። ያ አልጋ ወራት ሙሉ እንደተነጠፈ ቀረ። እሷ በቀን ሦስቴ እየገባች አንሶላውን ታቃናለች፤ ሰው ያልተኛበት አንሶላ ምኑ ይጨማደዳል! ብቸኝነት እንዲህ ያጃጅላል። በሐምሌ አጋማሽ አየሁሽ ደወለች። “ዓርብ በአውቶቡስ እልክልሻለሁ። ከወደደችሽ መስከረም ላይ እዚያው ትማር። ካልሆነ ግን አላስገድዳትም” አለቻት።

“ከወደደችሽ” የምትለዋ ቃል ይርጋነሽን እህል አላስቀምስ አለቻት።

ዓርብ በማለዳ ተነሳች። ለጋ ቅቤና ስኳር አሸች፣ እንቁላል ሰበረች፣ ከጅዳ ያመጣችውን ቸኮሌት በቢላዋ ከትፋ ከዱቄቱ ጋር አዋሐደች። ሊጡን አድቦልቡላ ብርዳሙ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ካልቀዘቀዘ እሳት ሲነካው ተዘርግቶ ስስ ይሆናል። ኦቭን የላትም፤ በሰፊ ድስት ከታችም ከላይም ፍም አድርጋ ጋገረችው። ጠርዙ ቀላ ሲል፣ መሃሉ ገና ለስለስ እንዳለ አወጣችው። ወፍራም ነው፣ ሲያኝኩትም ሳብ ሳብ ይላል።

ወይንእሸት ዝናብ መቷት ደረሰች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት እናቷን አክላለች። ይርጋነሽ አገላብጣ ሳመቻትና ሳህኑን አቀረበችላት።

“እንኪ ልጄ፣ በትኩሱ ቅመሽ! ቅቤ በቅቤ ነው!”

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። “ዓርብ ነው እኮ። እርስዎ አይጾሙም?”

አቤት! ይርጋነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጅዳ ዓርብ እንግዳ የሚመጣበት ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓርብ በመጣ ቁጥር ኩኪስ ስትጋግር፣ የለመደ እጇ ጾሙን አስረሳት። ይሄስ ባልከፋ፤ ለንስሐ አባቷ ትናገረዋለች። “እርስዎ” የምትለዋ ግን አንጀቷን ቆረጠችው። አየሁሽን እኮ “አንቺ” ነው የምትላት፤ በስልክ ሰምታለች።

ሽሮ በልተው፣ እንደ እንግዳ ተፋጠው ዋሉ። ቅዳሜ ቁርስ ላይ ልጅቷ አንድ ኩኪስ አነሳችና መሃሉን በጣቷ ጫን አደረገችው።

“ጥሬ ነው እንዴ?”

“ኧረ እንዲያው ነው የሚበላው!”

ገመጠች፣ አኘከች፣ ፈገግ አለች። ሁለተኛ ደገመች፣ ሦስተኛም። ይርጋነሽ በቃ ልትቀርልኝ ነው አለች በሆዷ።

“ሌላ አለ?” አለች ልጅቷ።

“ሞልቶ! ላንቺ አይደል እንዴ የጋገርኩት!”

“ለእማዬ ልወስድላት ነው። እሷ እንዲህ ያለ ነገር በልታ አታውቅም። ነገ ወደ ቢቸና አውቶቡስ አለ አይደል?”

እማዬ ያለችው አየሁሽን ነው።

“አለ” አለች ይርጋነሽ። ኩኪሶቹን በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለች፤ አንድም ለራሷ አላስቀረችም። ጥቅሉን ለልጅቷ ሰጠቻት።

“እንዳይሰባበርብሽ። እናትሽ ጥርሷን ያማታል፤ ሻይ ውስጥ እየነከረች ትብላው በያት።”