ለሰርጋችን ያየነው ቤት

ሊትልተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አንድ የድሮ ባለጸጋ ያሠራው ሰፊ ቤት አለ። ከነአትክልት ቦታው ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ለሰርግም ይከራያል። በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔና እጮኛዬ ልናየው ከምንኖርበት ከአውሮራ ሄድን። እሱ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ፈቃድ ጠይቆ ነው የመጣው። ሰርጋችን ለመስከረም ተቆርጦ ነበር።

አስጎብኚያችን ፀጉራቸው የሸበተ ደግ አሜሪካዊት ነበሩ። የእንጨቱን ደረጃ፣ ባለቀለም መስኮቶቹን፣ ላይኛው ፎቅ ያለውን የሙሽራ መልበሻ ክፍል አሳዩን። እኔ እማዬ የት እንደምትቀመጥ፣ ሚዜዎቹ የት እንደሚቆሙ አስባለሁ። እሱ አንዲት ነገር እንኳ አልጠየቀም። የደከመው መስሎኝ ነበር።

"አትክልቱን ብቻችሁን ዙሩት" ብለው ሴትዮዋ በጓሮ በር አስወጡን። ጽጌረዳው ፈክቷል።

"እዚህ ጋ ፎቶ እንነሳለን" አልኩት።

እጄን ያዘኝ። "ይቅር በይኝ። እኔ ይሄን ሰርግ አልችልም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ደሴ ልጅ አለችኝ። እናቷ አግብታለች ብለውኝ ነበር፤ ለካ አላገባችም። እየጠበቀችኝ ነው።"

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ለፋሲካ ስደውል።"

ከፋሲካ ወዲህ የጥሪ ካርዱን አብረን መርጠናል፤ ቀሚሴንም ተለክቻለሁ። ልጮህ ፈለግኩ። ሌሎች ጎብኚዎች ልጆቻቸውን ይዘው አጠገባችን ያልፉ ነበርና አፌን ያዝኩ።

ስንወጣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ሁለታችንንም አቀፉን። "አብራችሁ አርጁ" አሉን። "አመሰግናለሁ" አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

የመጣነው በእሱ መኪና ስለነበር አጠገቡ ተቀምጬ ተመለስኩ። ሀይዌዩ ላይ እንባው ዓይኑን ጋርዶት መስመር ሳተ።

"ቀስ በል፣ ትሞታለህ!" አልኩት። ያኔም እንዳይሞትብኝ እፈራ ነበር።

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ "እንኳን ሳትጋቡ ሆነ" አለችኝ። ሁሉም እንደዚያው አለኝ። "እንኳን" የሚለው ቃል ግን እኔ ልብ ውስጥ አልገባም። ቀሚሱንም ሳልወስደው ልብስ ሰፊዋ ጋ ቀረ።

ከጊዜ በኋላ ልጅቷንና እናቷን አመጣቸው፤ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገቡ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ልጅቷን አየኋት። አሳሳቋ ቁርጥ እሱን ነው። ጎንበስ ብዬ ጉንጯን ሳምኳት።

"ተባረኪ፣ እህቴ" አለችኝ እናቷ፣ ፈገግ ብላ። ማን እንደሆንኩ ማንም አልነገራትም።