ስንዱ ያጠፈችው ጠርዝ

ከደብረ ታቦር ልወጣ በተነሳሁበት ምሽት ሚስቴ ስንዱ አላለቀሰችም። እንዝርቷን እያሾረች፣ «ሐር ክሩን ቀይ ብቻ እንዳታደርገው፤ አረንጓዴም ያዝ» አለችኝ። አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው እንዲህ ይሸኛል? እኔ እኮ የጉና ተራራ ራሱ እግሬ ላይ ወድቆ እንዲለምነኝ ስጠብቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሰፋል። እኔ ደግሞ በሴትና በልጆች ቀሚስ ከጉና እስከ ጣና ተወዳዳሪ አልነበረኝም፤ የሚጠራጠር እኔኑ ይጠይቅ። ከጸሐፊዎች የተረፈ ብራና እየለመንኩ እጅጌውን፣ ደረቱን፣ አንገቱን በየልኩ ቆርጬ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ብራናውን ጨርቁ ላይ ማስተኛት፣ ዙሪያውን መቁረጥ፣ መስፋት፤ አለቀ። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ወይዘሮ ቀሚሳቸውን ሲለኩ ስንዱ ከእንዝርቷ ቀና ብላ፣ «ብብቱ ይይዝዎታል» አለቻቸው። ክንዳቸውን አነሱ፤ ያዛቸው። ከዚያ ወዲያ ቤቴ የመጣ ሁሉ ቀሚሱን ለብሶ ዞሮ የሚያየው የስንዱን ፊት ሆነ። ቅናት አልያዘኝም፤ ንዳድ ነው የያዘኝ። «ሐር ክር ላመጣ ምጽዋ እወርዳለሁ» ብዬ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ተነሳሁ።

ሊማሊሞን ወረድን፣ ተከዜን ተሻገርን። ተከዜ ላይ አንድ አዞ አፉን ከፍቶ መጣና ሥጋ እንደሌለኝ ሲያይ አዝኖ ተመለሰ። ምጽዋ ስደርስ የቱርክ ጉምሩክ ሹም ያዘኝና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራህ?»

«የሴቶች ቀሚስ ሰፊ።»

ከረጢቴን ገለበጠው፤ መቀስና መርፌ ወጣ። «ከዚያ ተራራ የሚወርድ ሁሉ ጦር ይዞ ነው የሚመጣ። አንተ ይህቺን ነው?»

«ይህቺም ትወጋለች፣ ጌታዬ።»

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው እግዜር ይወቅ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። ፀሐይስ ፀሐይ ነው? እኛ አገር ወንዛዬ የሚባል ቦታ ሰው በፈቃዱ ሄዶ ፍል ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲበቃው ይወጣል። እዚህ ግን አየሩ ራሱ ፍል ውኃ ነው፤ የምትወጣበት ዳር የለውም። ቅቤ የሚባል ነገር ቀልጦ በቅል እንደ ጠላ ይጠጣል። የተከራየሁት ቤት ግድግዳውም ጣራውም ሰሌን ነው። ባለቤቱን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ዝናብ ቢመጣ ያፈስብኛል እኮ» ብላቸው፣ «ዝናብ የመጣ እንደሆነ ለኔም ንገረኝ፤ ካየሁት ቆይቻለሁ» አሉኝ።

ሥራውማ ምን ሥራ አለው። የምጽዋ ሴት ባዕድ ወንድ የልክ ገመድ ይዞ እንዲቀርባት አትፈቅድም። ስለዚህ ለወንዶቹ ጀለቢያ የሚሉትን ወገብ የለሽ፣ እጅጌ የተቀጠለበት ጆንያ እሰፋለሁ። ልመለስ ስል መንገዱ በሽፍታ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ ስንዱ እስክትልክብኝ ልቆይ አልኩ። አልላከችም።

አንድ ቀን ከኛው አገር፣ ከአንበሳሜ የመጡ ነጋዴ፣ እመት ጥሩነሽ፣ የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ ደጃፌ ላይ ቆሙ። «አንተ ሰፊ፣ የዚችን ቀሚስ ጠርዝ ፍታልኝ። መንገድ ላይ አደገችብኝ።»

ቀሚሱን ሳየው ክው አልኩ። ደረቱ የኔ ብራና ነው፣ እጅጌው የኔ ብራና ነው። ብብቱ ግን ሰፍቷል። አንገቱ ላይ እንደ መጽሐፍ ሐረግ ያለ ጥልፍ ዞሮበታል፤ ያውም በአረንጓዴ ሐር። አረንጓዴውን ማን አመጣላት?

«ማን ሰፋው?»

«ደብረ ታቦር ስንዱ የምትባል ሴት አለች።»

«ሴት ሰፊ?»

«ምናለበት? ሴት ሴትን ትለካለች፤ እጇ አያሳፍር። አገሩ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው።»

«ሐረጉንስ?»

«ደብተራ ነው የሚነድፍላት።»

«ሽማግሌ ነው?»

«ቀሚስ ላሰፋ ሄድኩ እንጂ ጥርሱን ልቆጥር አልሄድኩም።»

«ባል የላትም?»

«ሐር ክር ሊያመጣ ሄዷል ትላለች። ሴቶቹ ‹እስካሁን እሱው ራሱ እየፈተለው ይሆናል› ብለው ይስቃሉ።»

«እሷስ ትስቃለች?»

«እሷ በከንፈሯ መርፌ ይዛለች፤ በምኗ ትስቃለች።»

ጠርዙን ገለበጥኩት። እኔ ልክ በልኩ ስለምቆርጥ ልጅ ባደገ ቁጥር እናት ትመለስልኝ ነበር። ስንዱ ግን ስንዝር ሙሉ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ፣ በቀላሉ እንዲፈታ ራቅ ራቅ አድርጋ ሰፍታዋለች። ይህን ካየ በኋላ ወደኔ ማን ይመለሳል? ስፈታው ፀሐይ ያላየው ነጭ ጨርቅ ወረደ። ክሩ የራሷ ፈትል ነው፤ የስንዱን ፈትል ጣቴ በጨለማም ያውቀዋል። አዲሱን ጠርዝ በምጽዋ ክር ሰፍቼ የሷን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት።

«ለሰፊዋ ምን ልበልልህ?» አሉኝ እመት ጥሩነሽ።

ስንት ነገር አፌ ላይ መጣ። «አንገቱ ተጣሟል ይበሏት» አልኩ። አልተጣመመም።

«ማን አለ ልበል?»

«እሷ ታውቃለች።»

ስንዱ ስድቤን ሳትመልስልኝ አድራ አታውቅም። ስለዚህ ሲራራ በወረደ ቁጥር ጉምሩኩ ደጃፍ እቆማለሁ። ሰሙ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ይራገፋል። ከደብረ ታቦር የመጣ ሰው ሳገኝ፣ «ለኔ የተላከ ስድብ አለ?» እላለሁ። ሐሩሩ አዞረው ብለው ያልፉኛል።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ በደጇ ስታልፉ ሰላም ብሏል አትበሏት። እጅጌውም አጥሯል ብሏል በሏት።