ለምሳ አትቀስቅሱት

አሰብ ላይ ከሰው ጋር ከተማውም ይተኛል። ስድስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታነደው ሱቁ ይዘጋል፣ ፍየሎች የግድግዳ ጥላ ሥር ይደረደራሉ፣ ባሕሩ እንኳ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። እኔ ከደሴ በላይ ካለ ደጋ የመጣሁ ነኝ፤ ቀን መተኛት ለበሽተኛና ለአራስ ነው እየተባልኩ ያደግሁ። አሰብ ከወረድኩ ወዲህ ግን በተቀመጥኩበት ዐይኔ ይከደናል፤ ግማሹ ሕልም፣ ግማሹ ወሬ ሆኖ ቀኑ ያልፋል። የዚያ ዘመን ትዝታዬም እንደዚያው ነው፣ ጫፍ ጫፉ የደበዘዘ። ልጄ እንቅልፍ ያጣበት ጊዜ ብቻ ፍንትው ብሎ ይታየኛል።

ልጄ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። ሥራው በፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ገና አላገባም፤ ቤቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዐይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙ ላይ ላቡ ነጭ ጨው ሆኖ ደርቆ ይመጣል። ሻይ ይጠጣና ይተኛል። እኔ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ አቅርቤ እቀሰቅሰዋለሁ።

ምን ላድርግ! እናቴ "ሳይበላ የተኛ ሰው፣ ነፍሱ ሰው ቤት ስትለምን ትውላለች" ትል ነበር። የኔ ልጅ ለምን ይለምናል? "ተነስ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ" እለዋለሁ። አስቀይሞኝ አያውቅም፤ ይነሳል፣ ዐይኑን ሳይገልጥ ይጎርሳል። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የለም። ይገላበጣል። ቁራዎቹ ጣሪያው ላይ ወዲህ ወዲያ ይላሉ፤ የአሰብ ቁራ ሲራመድ ጫማ ያደረገ ነው የሚመስለው። እኔ "በልቷል፣ ደህና ነው" ብዬ ደጃፍ ላይ አንቀላፋለሁ።

እንዲህ እያልን ከረምን። አንድ ጠዋት ሲመጣ ሻዩን አልነካም።

"እማ፣ ዛሬ ሌሊት አንቀላፋሁ" አለኝ።

"ቢደክምህ ነዋ።"

"ስንዴው ተንጠልጥሎ ነው እኮ። አንድ መረብ ሙሉ ጆንያ። ከሥሩ ሰዎች ቆመዋል።"

አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ማንም አልተነካም። አለቃችን፣ ካቦው፣ ከታች ጮኾ ቀሰቀሰኝ። ሁለተኛ ባይህ ከክሬኑ ትወርዳለህ ብሎኛል።" ብርጭቆውን ገፋ አደረገና "ደግሜ ባንቀላፋና ሰው ብገድልስ?" አለ።

ያን ቀን ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሰፈራችን ያለው የጤና ረዳት ዘንድ ሄድኩ። "ለልጄ የእንቅልፍ መርፌ ስጠኝ" አልኩት።

"መርፌውን እንተወውና፣ እናቴ፣ ስንት ሰዓት ይተኛል?"

"ሁለት ሰዓት ላይ ይተኛል። ለምሳ ይነሳል፣ ከዚያ..."

"ማን ያስነሳዋል?"

"እኔ ነኛ።"

"በሽታውን አገኘነው። እርስዎ ነዎት!"

እሱ ሳቀ፤ እኔ ተቆጣሁ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ከዐይኑ ኋላ፣ ሰዓት አለው። ልኩን የምታስይዘው ብርሃን ናት። ሲመሽ ተኛ፣ ሲነጋ ንቃ ይላል። "ልጅዎ ከሰዓቱ ጋር እየታገለ ነው የሚተኛው። የቀን እንቅልፍ ስስ ነው፤ አንዴ ከተቀደደ መልሶ አይሰፋም። ሲመጣ ጥቁር መነጽር ያድርግ፣ ክፍሉን ያጨልሙለት። ምሳው ይቆየው።"

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፣ ነገሩ ግን ገባኝ። ከደጋ ያመጣሁት አውራ ዶሮ ነበረኝ። ድመት እንዳይበላብኝ በርሜል ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ክዳኑን ስገጥመው ጨለማ ነው። እሱ ግን ሰዓቱን ሳያዛንፍ ይጮህ ነበር። "ማን ነገረህ?" እለው ነበር። እኔስ ብሆን? ላሞቼን ከሸጥኩ ስንት ዓመቴ፣ በማለቢያቸው ሰዓት እነቃለሁ። እጄ በጨለማ የላሚቱን ጡት ይፈልጋል፤ የሚያገኘው የአልጋውን ጠፍር ነው።

ሌላ የሌሊት ሳምንት ሲመጣ መስኮቱን በጆንያ ሸፈንኩ፣ በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቀልኩ፣ ለቁራው ረጅም ዘንግ ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ምሳው ደርሷል። እግሬ ሁለት ጊዜ ተነሳ፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት።

በዚህ መሀል ያገሬ ልጅ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር መጣ። እህቴ የላከችልኝን በሶ ይዟል።

"እትዬ! ልጁስ? ሳልስመው ልሄድ ነው?"

"ተኝቷል።"

"በጠራራ ፀሐይ? ታመመ እንዴ?"

"ደህና ነው። ሌሊት ሥራ ነው የሚያድረው።"

"ታዲያ ቀስቅሽልኝ። መቼ እንደምመለስ እንጃ።"

"ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ የኔ ጌታ።"

"እንግዳ ዝም በል የሚባልበት ቤት ዛሬ ገና አየሁ! ይሄ ባሕር ለወጠሽ" አለ። ሳቅ አለ እንጂ ከፍቶታል። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

እፍረት ፊቴን ለበለበው። ልጁን ላስነሳ ብዬ የበሩን አንሶላ ገለጥ አደረግሁ። በጨለማው ውስጥ፣ ሕፃን ሳለ እንደሚተኛው፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ታንኳ ውስጥ ሆኖ ከእኔ የሚርቅ መሰለኝ፤ ብጠራው የሚሰምጥ። አንሶላውን መለስኩት። የሾፌሩ መኪና ተነስቶ እስኪርቅ ድረስ ቆሜ ሰማሁት።

ልጄ አስር ሰዓት ላይ በራሱ ነቃ። ግራ ገብቶት ወጣ።

"እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?"

"ለምን ያመኛል?"

"ለምሳ አልቀሰቀስሽኝማ!"

ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ አደረግን። በመጨረሻው ሌሊት ዋዜማ ካቦው "ነገ ሌሊት ክሬኑ ላይ ወጥቼ አይሃለሁ" አለው። እኔ ያን የመጨረሻ ሌሊት ስጸልይ አደርኩ። ጠዋት ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ መጣ፤ ጥርሱ እንጂ ዐይኑ አይታይም።

"ወጣ?" አልኩት።

"ወጣ። አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ሦስት መረብ ሳወርድ አየኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንገቱ ዘንበል አለ። እስኪነጋ አንኮራፋ።"

"አልቀሰቀስከውም?"

"ለምን ብዬ? የሱም እናት ለምሳ ትቀሰቅሰው ይሆናል።"

በእጄ አፌን ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። "ሲነቃ ምን አለህ ታዲያ?"

"ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ፣ ወደ ታች አየ። ስንዴው አልቋል። በርታ አለኝና ወረደ።"