ሸክላው ላይ የቀረው ሳል

ትናንት ከሥራ ስገባ ልጄ ሞባይሏን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ ጠበቀችኝ። አባዬ በወጣትነቱ የተማረባት የቼክ ከተማ ኦርኬስትራ የቀዳውን ሙዚቃ ኢንተርኔት ላይ አግኝታዋለች። ገና ሲጀምር አወቅኩት።

አዲስ አበባ እያለን አባዬ እሁድ ከሰዓት የዚህኑ ሙዚቃ ሸክላ ያጫውትና ሁላችንንም ዝም ያሰኘን ነበር። ሙዚቃው ሲቀረፅ እሱም ከአድማጮቹ ጋር አዳራሹ ውስጥ ነበር። ቫዮሊኖቹ ዝቅ ሲሉ አንድ ሰው ይስላል። «እኔ ነኝ!» ይለናል። እንዳያመልጠኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

በሕይወቱ መጨረሻ ዓመት አልጋ ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ፣ ሳሉ ከሸክላው ቀድሞ መጣ። አፉን በመሐረብ ጠርጎ፣ «ያኔ እኮ ያሳለኝ አንዴ ብቻ ነበር» አለ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እናቴ ግን መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳችና ትክ ብላ አየችው።

ትናንትም ቫዮሊኖቹ ዝቅ ሲሉ ትንፋሼን ያዝኩ። ሳሉ የለም። «የአባዬ ሳል ጠፋ» ብላት ደግማ ከፈተችልኝ፤ አሁንም የለም።

«ናይን ማማ፣ አጽድተውት ነው» አለች ልጄ እንደ ልማዷ ጀርመንኛ ቀላቅላ። «አሮጌ ቀረፃ ሲያድሱ እንዲህ ያለውን ሁሉ ያወጡታል።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ከወር በላይ አልለቅ ያለኝ ሳል ቀደመኝ። ልጄ ሙዚቃውን አቆመችና ትክ ብላ አየችኝ።