ከአልሜዳ ገበታ ሥር

በአልሜዳ ቶርንበርግ ገበታ ላይ ክርኑን ያስደገፈ ሰው ሁለተኛ አያስደግፍም ይባል ነበር። አልሜዳ ቃል አትተነፍስም። ዝም ብላ ክርኑን ታየዋለች፤ ክርኑም በገዛ ፈቃዱ ይወርዳል። የከተማው ዳኛ ሳይቀሩ አንድ እሁድ እንዲሁ ሆነዋል።

ከተማዋ ሜርተን፣ የበቆሎ ማሳና የባቡር ሐዲድ የተጎራበቱባት የኢንዲያና ትንሽ ከተማ ናት። ዘመኑም ያ ክፉ የሥራ ማጣት ዘመን ነበር። የአልሜዳ ባል ኦርቪል በእህል መጋዘኑ ጆንያ ሲሸከም ይውላል። የቤታቸው ቀለም ከተላጠ ቆይቷል፤ የአልሜዳ የእሁድ ጫማም ሁለት ጊዜ ሶል ተለውጦለታል። ገበታዋን ላየ ግን የባለጠጋ ቤት ይመስለዋል። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል፤ ሹካው በግራ፣ ቢላዋው ስለቱን ወደ ሳህኑ መልሶ በቀኝ፣ የገበታው መሐረብ ተጣጥፎ ከሹካው አጠገብ ተቀምጧል። ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገቻት ሴት ነበረች፤ «ልጄ፣ ድህነት ደጃፍ ላይ ይቆማል እንጂ ገበታ ላይ አይቀመጥም» ትላት ነበር።

ሥጋ ሲቆረጥ ቢላዋው በቀኝ፣ ሹካው በግራ ይያዛል። ከተቆረጠ በኋላ ቢላዋው ከሳህኑ ጠርዝ ያርፍና ሹካው ወደ ቀኝ እጅ ተዛውሮ ይጎረሳል። ለሚቀጥለው ጉርሻ ደግሞ እንደገና ማዛወር ነው። ችኩል ሰው ይህን ሲያደርግ ያሳዝናል። በአልሜዳ እጅ ግን ሹካው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ያለ ድምፅ ይመላለስ ነበር። ሳህኖች ሁሉ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። የራቀ ነገር የፈለገ «እባክህ አቀብለኝ» ይላል እንጂ አይንጠራራም። እሷ ሹካዋን ሳታነሳ የሚጀምር የለም፤ እሷም የመጨረሻው ሰው ሳይደርሰው አታነሳም። አማቷ በሕይወት ሳሉ ጥርስ አልነበራቸውምና አንድ ሳህን ለመጨረስ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። አልሜዳ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከእሳቸው ቀድማ ጨርሳ አታውቅም፤ ሳህኗ ላይ ሁልጊዜ አንዲት የድንች ጉርሻ ታስቀርና፣ አሮጊቷ ብቻቸውን የሚበሉ እንዳይመስላቸው በሹካዋ ስትነካካት ትቆይ ነበር።

ከሁሉ የጠበቀው ግን እንግዳ የማያውቀው ደንብ ነው። በዚያ አገር ምግቡ ያነሰ ዕለት እንግዳ ከመጣ፣ የቤቱ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ እንግዳው ግን ይህን ማወቅ የለበትም። እያንዳንዱ ቤት ለዚህ የራሱ ምልክት አለው። የአልሜዳ ምልክት ጨው ነበር። የጨው መነስነሻውን ከገበታው መሐል አንስታ ከሳህኗ ፊት ለፊት ስታቆመው፣ ቤተሰቡ ሁሉ በድንገት የዶሮ አንገትና ክንፍ ወዳድ ይሆናል። ልጇ አይዴላ ምልክቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከእነሱ ጋር የሚኖሩት የኦርቪል ታላቅ እህት እትዬ ማሃላም ስተውት አያውቁም። የሚስተው ኦርቪል ነው። ኦርቪል ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን የዶሮ ታፋ ሲያይ ይጠፋበታል። ስለዚህ የአልሜዳ ወንበር ሁልጊዜ ከኦርቪል አጠገብ፣ በማዕዘኑ በኩል ነው፤ የእግሯ ጫፍ በቀላሉ ትደርስበታለች።

አሁን ወደ ሮስኮ ፕሩት እንምጣ።

ሮስኮ በጭነት ባቡር ላይ የሚሠራ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ እጁም እግሩም የረዘመ ሰው ነበር። አይዴላን ከጸደይ ጀምሮ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። መሥሪያ ቤቱ ከኅዳር ጀምሮ ወደ ምዕራብ ሊያዛውረው ነው። አይዴላ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አስተማሪ ናት፤ ማንንም ሳትጠይቅ ልታገባ ትችላለች። ግን ለእናቷ «እማ፣ አንቺ እሺ ሳትዪ አልሄድም» ብላታለች። አልሜዳም «እስከዚህ እሁድ ድረስ እነግርሻለሁ» አለች። ይህም የሆነው የጥቅምቱ የመጨረሻ እሁድ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

አልሜዳ ሰውየውን አልጠላችውም። ያስቸገራት የገበታ ላይ አመሉ ነው። ሮስኮ አሥራ ሁለት ዓመት የበላው በባቡር ሠራተኞች ማደሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ያልተንጠራራ ጦሙን ያድራል። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ቤት ሲመጣ፣ እጁን በእትዬ ማሃላ አፍንጫ ሥር አሳልፎ ዳቦ አነሳ።

«አንተ ሰው» አሉት እትዬ ማሃላ፣ «እጅህ ከዚህ ተነሥቶ ቺካጎ ለመድረስ ባቡር ያስፈልገዋል?»

«አያስፈልገውም፣ እትዬ። በእግሩ ይደርሳል» አለ ሮስኮ፣ እየቀላ።

ሁሉም ሳቁ፤ አልሜዳ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ብዙ ተምሯል፤ መሐረቡን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ሹካውንም እየቆጠረ ያዛውራል። ግን ሲረሳ ግራ ክንዱ ሳህኑን እንደ አጥር ይከብበዋል። «ሳህኑን የሚከብብ ሰው» ትላለች አልሜዳ በልቧ፣ «ለልጄ ምን ይተርፈዋል?»

እሁድ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ኦርቪል ያለ ማንም ምክር ቄስ ፌንዊክንና ባለቤታቸውን ለምሳ ጠራቸው። አልሜዳ ቤት ውስጥ ያለችው አንድ ዶሮ ብቻ ናት።

«ኦርቪል» አለችው በመንገድ ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ዶሮ ለሰባት ሰው?»

«ድንች አለ» አለ ኦርቪል። «ፎሶሊያም አለ።»

«አንተም አለህ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ገበታው ተዘረጋ። እትዬ ማሃላ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ራስጌው ላይ፣ ባለ ክንድ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አልሜዳ ግርጌው ላይ ናት። ቄስ ፌንዊክ በክብር እንግድነት ከቀኟ፣ ባለቤታቸው ከእሳቸው ቀጥለው። በግራዋ ኦርቪል፣ ቀጥሎ ሮስኮ፣ ቀጥሎ አይዴላ። ቄሱ ጸለዩ። አልሜዳ አሜን ከማለቷ የጨው መነስነሻውን አንስታ ሳህኗ ፊት አቆመችው።

የዶሮው ሳህን ወደ ቀኝ ዞረ። ቄሱ አንዱን ፈረሰኛ አነሡ፣ ባለቤታቸው ሁለተኛውን። እትዬ ማሃላ አንገቱን ወሰዱ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው አንገት ነው» አሉ፤ እውነት በሚመስል ድምፅ። አይዴላ አንድ ክንፍ ወሰደች። ሮስኮ ሳህኑን ተቀብሎ ገበታውን ቃኘና ሁለተኛውን ክንፍ አነሣ። ኦርቪል ትንፋሹን ሳብ አድርጎ የጀርባ አጥንቱን ወሰደ። አልሜዳ በእፎይታ የተፈጨ ድንች ላይ መረቅ አፈሰሰች።

ወሬው ሞቀ። ቄሱ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚያፈስ ጣሪያ አወሩ፤ እትዬ ማሃላም የዛሬው ስብከት ከጣሪያው ይልቅ ሲያንጠባጥብ እንደቆየ በትሕትና ገለጡላቸው። ሁለቱ ታፋዎች ሳህኑ ላይ ቀርተዋል። አልሜዳ ሳህኑን ወደ ቄሱ ገፋ አደረገች።

«ቄስ ፌንዊክ፣ እባክዎ ይድገሙ።»

«ሌላ የሚፈልግ ከሌለ እሺ» አሉ ቄሱ፣ ሹካቸውንም አንዱ ታፋ ላይ ተከሉ።

በዚያች ቅጽበት ኦርቪል፣ ጨውም ምልክትም ጠፍቶበት፣ ሹካውን ወደ ሁለተኛው ታፋ ላከ። ለእንግዳዋ ሴት የተቀመጠ ታፋ ነው። አልሜዳ ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ ሳይነቃነቅ እግሯን ከገበታው ሥር ወረወረች።

ኦርቪል ግን ሲንጠራራ እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ ነበር፤ የተመታው እሱ አልነበረም።

ቄስ ፌንዊክ ድንግጥ አሉ። አልሜዳን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ታፋውን ከሹካቸው አላቅቀው ወደ ሳህኑ መለሱት።

«ይቅርታ» አሉ፣ ጆሯቸው ቀልቶ። «በቃኝ መሰለኝ።»

«ምን ሆኑ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ምንም። እግሬን… የሆነ ነገር ነካኝ።»

አልሜዳ አርባ ዓመት የሠራችው ቤት ሲፈርስ ሰማች። እንግዳ ጋብዛ፣ ቄስ ጋብዛ፣ ከአፉ ያስጣለች ሴት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ልትል? «ባሌን ልመታ ነበር» ካለች ምግቡ ማነሱን ልትናገር ነው። ያን ካወቁ ደግሞ የበሉት ፈረሰኛ ከጉሮሯቸው አይወርድም።

ሮስኮ ሹካውን አስቀመጠ፤ ኦርቪል በአየር ላይ ያስቀረውን ሹካ አየ፣ ጨው መነስነሻውን አየ፣ የአልሜዳን ፊት አየ።

«ቄስ ፌንዊክ» አለ ሮስኮ፣ «የነካዎት የእኔ እግር ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ያንተ?»

«የእኔ። ማደሪያ ቤት ያመጣው አመል ነው። እዚያ ሥጋ ሲዞር እጅ በላይ፣ እግር በታች ነው የሚሠራው። ሰውየው ደንግጦ ሲመልሰው እኛ እናነሣዋለን። ዛሬ የት እንዳለሁ ረሳሁት።»

«የጌታ ያለህ» አሉ እትዬ ማሃላ። «እጁ ቺካጎ ይደርሳል ብዬ ነበር፤ እግሩም ቤተ ክህነት ደረሰ።»

ቄሱ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲያውስ ለክፉ አመል ቦታ አልለቅም» አሉና ታፋውን መልሰው ወሰዱ። ኦርቪልም ሹካውን ሰብስቦ ሁለተኛውን ታፋ ለወይዘሮ ፌንዊክ አቀበለ፤ ላቡን በመሐረቡ ሲጠርግ አልሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳላየች አለፈችው።

አይዴላ ግን አልሳቀችም። ሳህኗን እያየች ነበር። የእናቷን መልስ የምትሰማው ዛሬ ነው፤ የምትወደው ሰው ደግሞ በእናቷ ገበታ ላይ ቄስ ረግጫለሁ ብሏል።

አልሜዳ የፖሙን ኬክ ቆርሳ አደለች። እሷ የምታውቀው ደንብ ሁሉ እጅን፣ አፍን፣ ክርንን የሚያርም ነው። እንግዳ እንዳያፍር ውርደቱን ለራሱ የሚወስድ ሰው ግን እናቷ ካለፈች ወዲህ አላጋጠማትም። ሰውየው ደግሞ ለዚህ የከፈለው ነገር ቀላል አልነበረም። አንድ ወር ሙሉ ሹካ እየቆጠረ ያጠራቀማትን ስም ነው በአንድ አረፍተ ነገር የሰጠው፤ እሷ መልስ ልትሰጥ በተቃረበችበት በዚያች ሰዓት።

ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ወደ ሳሎን ሄዱ። በአልሜዳ ቤት እንግዳ ማድ ቤት አይገባም፤ ወይዘሮ ፌንዊክ ግን ራሳቸውን እንግዳ አድርገው አያውቁምና ብርጭቆዎቹን ይዘው ተከተሏት። አይዴላ ከመታጠቢያው አጠገብ ቆማ ነበር፤ ወይዘሮዋ እሷን እንዳላዩ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልሜዳ፣ የኔ እህት፣ ከተማው ሁሉ መልስሽን እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ። ጣልቃ መግባቴ አይደለም። ግን ቄስ የሚረግጥ ሰው፣ ሚስቱን ነገ ምን ያደርጋታል? ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል።»

አልሜዳ ሙቅ ውኃ እያፈሰሰች ነበር። አጋጣሚው ተመችቷታል፤ «እውነትዎን ነው» ብትል ነገሩ ያልቃል። ልጇ ትቀርላታለች፤ የገበታዋ ስምም እንደ ነበረ ይኖራል። የውኃውን ማሰሮ አስቀመጠች።

«ወይዘሮ ፌንዊክ፣ እግሩ የእኔ ነው።»

«የቱ እግር?»

«ቄሱን የመታው። ኦርቪልን ልመታ ነበር፤ ታፋው ለእናንተ እንዲተርፍ። ዶሮዋ አንድ ናት። ሚስተር ፕሩት አይቶ ነው የሸፈነልኝ።»

የአይዴላ እጅ ሳሙናው ውስጥ ቆመ።

«በእኛ ቤት» አሉ ወይዘሮ ፌንዊክ፣ «ቄሱን የምመታቸው እኔ ነኝ። የለመዱት እግር መስሏቸው ይሆናል ቶሎ የመለሱት።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ለማንም አልናገርም።»

«ለቄሱ ይንገሯቸው» አለች አልሜዳ። «እኔም እነግራቸዋለሁ፤ ግን ኬካቸው ከወረደ በኋላ።»

ከዚያ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ ከመስቀያው አወረደችና ወደ ሳሎኑ በር ሄደች። ሮስኮ ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሮስኮ» አለች። በስሙ ጠርታው አታውቅም ነበር። «ና፣ ዕቃ አድርቅ።»

ኦርቪል ቀና አለ። «እንግዳ እኮ ነው፣ አልሜዳ።»

«እንግዳ ዕቃ አያደርቅም» አለች አልሜዳ።

ሮስኮ ጨርቁን ተቀብሎ ተከተላት። በዚያች ጠባብ ማድ ቤት ክርኑ አንድ ጊዜ መደርደሪያውን፣ አንድ ጊዜ ወይዘሮ ፌንዊክን ነካ። ሹካና ቢላዋ ቀላቅሎ ሊያስቀምጥ ሲል አልሜዳ ቀማችው።

«ሹካ ከሹካ ጋር» አለችው። «ጨዉን እንዴት አወቅኸው?»

«አራት እሁድ መጥቻለሁ፣ ወይዘሮ ቶርንበርግ። ጨው ሲቆም የባለቤትዎ ፊት ይጠቁራል።»

አይዴላ ጀርባዋን ሰጥታ ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች፤ ከኋላ አይታወቅም። አልሜዳ አንድ ሳህን አጥባ ሰጠችው፣ ሌላም ሰጠችው።

«ባቡሩ ኅዳር ስንት ላይ ነው?»

«ኅዳር አሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው ጊዜው አጭር ነው» አለች። «ለአይዴላ የጠረጴዛ ልብስ መስፋት አለብኝ። በምዕራብ ሰው በምን ላይ እንደሚበላ አላውቅም።»