በጣት የተሻገርነው ሐይቅ

በደርግ ጊዜ ከጎጃም ተመድቤ ሐዋሳ ስመጣ የተሰጠኝ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ልጆቹ ሰማንያ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት የሚያዩ ናቸው። ሂሳብ ላይ ስንደርስ ግማሾቹ ሰሌዳውን ትተው አፌን ያያሉ።

ከጽሕፈት ቤቱ የተጣሉ፣ ደብዳቤ የሚቀመጥባቸው ጠንካራ የወረቀት ማኅደሮች ለምኜ ወሰድኩ። የተጻፈባቸውን በነጭ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ ሸፍኜ ጨዋታ ሳልኩባቸው። አንዱን ማኅደር ስትከፍቱት ሐይቁ ነው። በአንድ በኩል የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል፣ በሌላው ማዶው፣ መሀል ላይ ሠላሳ ክብ፤ በየክቡ የመደመር ጥያቄ። ጀልባው ቆርኪ ነው። ከላጲስ የቆረጥኳትን፣ ስድስት ፊት ያላትንና ነጥብ ያደረግኩባትን ጠጠር ይጥሉና በወጣው ቁጥር ይቀዝፋሉ። መልሱን የሳተውን ልጅ ጉማሬ ወደ ዳር ይመልሰዋል።

ክፍሉን የደገመች አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ቤቷ የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛውን ከእኛ ጋር ነው የምትማረው። ድምሩ ከአሥር ካለፈ ራሷን ዴስኩ ላይ ትደፋለች። ጉማሬው ግን ያስቃታል። አንድ ዓርብ «ይዤው ልሂድ ቲቸር?» አለችኝ። ሰጠኋት።

ሰኞ አባቷ ይዘውት መጡ። መናኸሪያ አካባቢ አናጢ ናቸው። ማኅደሩ በጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ ላጲሷ ለብቻዋ ሌላ ወረቀት ውስጥ ናት።

«መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥዕሉ ያምራል። ይህችን ግን ከቤቴ ያውጡልኝ» ብለው ዘረጉልኝ። ከግራ እጃቸው አንድ ጣት እንደጎደለ ያኔ አየሁ።

«ላጲስ እኮ ናት» አልኩ።

«ላጲስስ ላጲስ ናት። ሥራዋ ግን የቁማር ነው።»

«ገንዘብ የለበትም! የሚጫወቱት በቆርኪ ነው።»

«እኔም በቆርኪ ነው የጀመርኩት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጌታን ሳላውቅ መጋዜንም መላጊያዬንም የበላችብኝ እንዲህ ያለች ጠጠር ናት። የልጄ እጅ እንዲለምድ አልፈልግም።»

የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው እንደሚጸልዩ ሰምቼ ነበር። በትምህርት ቤት ግቢ «ጌታን» ብሎ መናገር ቀላል አልነበረም። አባቷ ወደ በሩ ዞር አሉ፤ ልጅቷ እዚያ ቆማለች።

«ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ተቀመጠች፤ ሦስተኛ የለም። ከወደቀች ገጠር፣ ቱላ፣ እህቴ ዘንድ ትሄዳለች፤ እርሻው ሰው ይፈልጋል።»

ተቀየምኩ፤ አልዋሽም። ልጃቸውን ልረዳ ስንት ቀን ለደከምኩበት ቁማርተኛ ተባልኩ ብዬ እያጉረመረምኩ ቤቴ ገባሁ።

ሁዳዴ ነበር። አከራዬ ጾመኛ አይደለችም፤ አዝናልኝ ሽሮ አቀረበችልኝ። «ቅቤ አልገባበትም» አለች፣ «የቅቤው ድስት ነው እንጂ። ትንሽ ሽታ ምን ያደርጋል?»

እጄን ሰበሰብኩ። እሷም ተቀየመች። እኔ ሽታውን ፈርቼ ምሳ እተዋለሁ፤ አናጢው መጋዛቸውን የበላችውን ጠጠር ቤቴ አትግባ ቢሉ ምኑ ያስቆጣል? አፈርኩ።

በማግስቱ ልጅቷን ማኅደሩ ፊት አስቀመጥኳት። «ያለዚያች ላጲስ በምን እንቅዘፍ?»

ትንሽ አሰበችና እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። «አንቺም ደብቂ ቲቸር።» ስትቸኩል አንቺ ትለኛለች፤ አላረምኳትም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

እጆቻችን ወጡ። የእሷ ሰባት ጣት፣ የእኔ ስድስት። ሰባቷን ይዛ የእኔን አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች፤ አሥር ላይ ስትደርስ ቆም አለች፣ ከዚያ ዘለቀች። አሥራ ሦስት። በድምሩ ልክ ስንቀዝፍ ጀልባው በሦስት ምት ማዶ ደረሰና ሐይቁ አጠረብን። ሌላ ማኅደር ቀጠልኩበት። በየምቱ የምትፈራትን አሥር ትሻገር ጀመር።

እንደገና ይዛው ሄደች። ማኅደሩ ግን አልተመለሰም። አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ «ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?»

«ከአባባ። አባባ ሲሞላ ዘጠኝ ነው፤ እኔ ስሞላ አሥር።»

«አብራችሁ ስትሞሉስ?»

«አሥራ ዘጠኝ!» ይህንንማ አታውቅም ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። «ሃያ ከአንቺ ጋር ነው።»

ሰኔ ላይ ፈተናው ደረሰ። በረድፎቹ መሀል ስመላለስ ዘጠኝ ሲደመር ስምንት ላይ ራሷን ስትደፋ አየኋት። እመ ብርሃን፣ አልኩ በልቤ፣ ቱላን አሳልፊላት። ቀረብ ስል ግን የምታየው ጭኗን ነው፤ ስምንት ጣት ዘርግታለች። ዘጠኙ የለም። ዓይኗን ጨፈነች፤ የአባቷን እጅ እየጠራች እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ አሥራ ሰባት ጻፈች።

ካርድ የሚሰጥ ዕለት አናጢው የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። ካርዱን ገልብጠው አዩና ለእኔ ሰጡኝ። «ያንብቡልኝ።»

«አልፋለች።»

ካርዱን መልሰው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ያንን ሁሉ ወላጅ ሳያፍሩ እጆቻቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። «እስቲ መምህርት፣ እርስዎም ይደብቁ።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ደበቅኩ። ሦስት ስንል የእሳቸው ሞልቶ ወጣ፤ የእኔ አራት። ገና ሳንተያይ ልጅቷ ከመሀላችን ድምሩን ጮኻ ተናገረች።